ጡረታና የላኦ ትዙ ክሊራንስ

የጥንቱ ቻይናዊ ጠቢብ ላኦ ትዙ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም ጸጉሬ የሸበተው መዝገብ ቤት ነው።

ታሪኩን የጻፈልን ሲማ ቺየን የሚባል የጥንት ቻይና ታሪክ ጸሐፊ ነው። እሱ እንደሚለው ላኦ ትዙ በቾው ነገሥታት ግቢ የሰነድ ጠባቂ ነበር። ብዙ ዘመን እዚያው ቆየ። መንግሥቱ እየተዳከመ መሄዱን ሲያይ ግን ሥራውን ትቶ መንገድ ጀመረ። ከአገሩ መውጫ በር ላይ ሲደርስ የበሩ ጠባቂ አስቆመው። "መቼም ከሰው ዓይን ሊሰወሩ ነው፤ እባክዎ ከመሄድዎ በፊት አንድ መጽሐፍ ይጻፉልኝ" አለው። ሽማግሌው ቁጭ ብሎ አምስት ሺህ ከምናምን ፊደል ጻፈ። ሰጠውና ሄደ። ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም። የኋላ ሠዓሊዎች ጎሽ ላይ አስቀምጠው ይስሉታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ታሪክ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ሥራ ስትለቅ ክሊራንስ ትዞራለህ። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰው ሀብት። እያንዳንዱ ቢሮ ዕዳ እንደሌለብህ አይቶ ይፈርምልሃል። አንዱ ፊርማ ከጎደለ ጉዳይህ ንቅንቅ አይልም። የበሩ ጠባቂ ላኦ ትዙን የጠየቀው ክሊራንስ ነው። ንብረት ክፍል የማያውቀው አንድ ዕዳ ቀርቶበት ነበር፤ በጭንቅላቱ ይዞት ሊወጣ የነበረው ነገር። እሱን አስረክቦ አለፈ። ርክክቡ "ታኦ ቴ ቺንግ" የተባለው መጽሐፍ ሆነ።

ብዙ ምሁራን ላኦ ትዙ የሚባል አንድ ሰው መኖሩን ራሱ ይጠራጠራሉ። መጽሐፉ በብዙ እጅ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ነው ይላሉ። ይሁን። ለእኔ ዋናው ነገር ታሪኩን የተቀበሉት ሰዎች የቱን ቀን እንደ መረጡለት ነው። ሽማግሌው መጽሐፉን የጻፈው በሹመቱ ዘመን ነው አላሉም። ከሥራ በወጣ ማግስት ነው አሉ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሀል ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ቀጭን ነች። 81 ምዕራፎች አሏት፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ግን አንዲት የቢሮ ደብዳቤ አታክልም። እስከ 37 ያሉት የታኦ ክፍል ይባላሉ። ከ38 ጀምሮ ያሉት የቴ። ታኦ ነገር ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። ቴ ደግሞ ያ መንገድ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ዛፍ ውስጥ ገብቶ የሚያሳየው ምግባር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሁናን ውስጥ ማዋንግዱዊ በተባለ ቦታ አንድ የጥንት መቃብር ተቆፍሮ፣ በሐር ጨርቅ ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኝተዋል። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የቴ ክፍል ይቀድማል። እኔ ፋይል ሲገላበጥ ሆዴን የሚያመኝ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን ተመችቶኛል። ጡረተኛ መጽሐፉን ከ38 ቢጀምር ይሻለዋል። ስለ ሰማይና ምድር አጀማመር ለማሰብ ጊዜ አለ። መጀመሪያ ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ ይወቅ።

የ38ኛው ምዕራፍ መክፈቻ በእኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ ከፍ ያለ ምግባር ያለው ሰው ምግባሩን አያስበውም፤ ስለዚህ ምግባር አለው። ዝቅ ያለው ምግባሩን ጨብጦ አይለቅም፤ ስለዚህ ምግባር የለውም።

እኛ ደግሞ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እንላለን። መዝገብ ቤት የዋለ ሰው በሁለቱም በኩል ይነካዋል።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ይሰናበታል። ደብዳቤው ቀደም ብሎ ይደርሰዋል። የእኔ ደብዳቤ የመጣው ወደ ራሴ ጠረጴዛ ነው። ከሰው ሀብት ተፈርሞ፣ ወጪ ቁጥር እንዲሰጠውና ማኅተም እንዲያርፍበት ወደ መዝገብ ቤት ተመራ። እንደ ማንኛውም ደብዳቤ አስተናገድኩት። በወጪ መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ጉዳዩን ጻፍኩ። ጉዳዩ የሚለው ላይ "ጡረታ ስለ መውጣት"። ለማን በሚለው ላይ የራሴን ስም። ማኅተሙን መታሁ። አንዱን ቅጂ በስቼ ከግል ማኅደሬ ጋር አያያዝኩ። ዋናውን "ተረክቤያለሁ" ብዬ ፈርሜ ለራሴ ሰጠሁ። አጠገቤ የነበሩት ልጆች ይሳቁ ይዘኑ ግራ ገባቸው። አንዷ ሻይ ልታመጣልኝ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጡረታ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ስልክ ይቀንሳል። "ያቺ ማኅደር የት ነበር የምትቀመጠው?" የሚል ጥሪ ለጥቂት ጊዜ ይመጣል። ደስ ይላል፤ አሁንም ትፈለጋለህ ማለት ነው። ቀጥሎ እሱም ይቆማል። ማኅደሯን ራሳቸው አግኝተዋታል፣ ወይም ያለ እሷ መሥራት ለምደዋል። "ጋሼ፣ ጠጋ በሉ" ይል የነበረው ወያላ "አባባ፣ ቀስ ብለው ይግቡ" ማለት ይጀምራል። ጠዋት ያለ ሰዓትህ ትነቃለህ። ሸሚዝህን ለብሰህ፣ ጫማህን ጠርገህ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ትቀመጣለህ።

"ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት" ይላል ተረቱ። ሥራ መፍታት ምን ያህል እንደሚያስፈራን ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። የሰው ትዳር ማፍረስም ቢሆን ሥራ ነው። በዚህ መንፈስ የተነሱ ብዙ ጡረተኞች አይቻለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ምሳውን ለመብላት የድሮ መሥሪያ ቤቱ ካፌ ድረስ በታክሲ ይሄዳል። ሌላው፣ ንብረት ክፍል የሠራ ነው፣ የሚስቱን የቅመም ብልቃጦች በሙሉ ቁጥር ለጠፈባቸው። ኮረሪማ 04 ነው። ሚስቱ እስከ ዛሬ እያሸተተች ነው የምትለየው።

አይፈረድባቸውም። መሥሪያ ቤት ሠላሳ ምናምን ዓመት ስትኖር ጥሩ ሰው መሆንህን የሚነግርህ ወረቀት አለ። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ይሞላልሃል። ታታሪነት ይህን ያህል፣ ሰዓት ማክበር ይህን ያህል፣ ተገልጋይን በትሕትና ማስተናገድ ይህን ያህል። አለቃህ ይፈርማል፣ አንተም ትፈርማለህ፣ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ጡረታ ስትወጣ ቅጹ ይቀራል። ዛሬ ለጎረቤትህ ቸር ብትሆን ነጥብ የሚሰጥ የለም። ክፉ ብትሆንም የሚቀንስ የለም። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። መዝጋቢ ማጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ላኦ ትዙ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። የእሱ ሐሳብ እንደገባኝ፣ መዝጋቢ ያስፈለገው ምግባር ድሮም ያንተ አልነበረም። የቅጹ ነበር። ቅጹ ሲነሳ የሚቀረው፣ ጥቂትም ቢሆን፣ እሱ ነው ቴ። ስለዚህ ጡረታ ማለት ምግባርህ ያለ ማኅተም የሚታይበት ጊዜ ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ አልተጽናናሁም። ስንት እንደሚቀረኝ ማየት ፈራሁ።

በ9ኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ዕቃ አፍ እስከ ገደፉ ከመሙላት በጊዜ ማቆም ይሻላል ይላል። ስለት አብዝተህ ብትስለው አይቆይም። መጨረሻው "ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ገለል ይላል፤ የሰማይ መንገድ ይህ ነው" የሚል ነው። የእኛ ሰው ግን "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ለየትኛው ዘመኔን እንዳገለገልኩ አስባለሁ። ተረቱን ብዙ ሰው የሚያነሳው ለሌብነት ነው። እኔ ግን ጉቦ ሳይበላም ሹመት የሚበላ ሰው አውቃለሁ። ሰላምታ ይበላል። "ኃላፊ" መባልን ይበላል። በሩ ላይ ሰው ቆሞ ሲጠብቀው ማየትን ይበላል። ጡረታ ሲወጣ የሚርበው ያ ነው።

2ኛው ምዕራፍ ጠቢብ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ አይቀመጥበትም፤ ስለማይቀመጥበትም አይለየውም ይላል። ስታነበው እንቆቅልሽ ይመስላል። እኔ የገባኝ በመዝገብ ቤታችን ነው። ማኅደሮቹን በየጉዳዩ ከፋፍሎ ቁጥር የሰጣቸው ከእኔ በፊት፣ ከእኔም በፊት ከነበረው ሰው በፊት የነበረ ኃላፊ ነው። ስሙን የሚያስታውስ የለም። አንድ ቦታ ላይ አጭር ፊርማው አለ፤ አይነበብም። አከፋፈሉ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። አዲስ የገባች ልጅ በሁለት ቀን ትለምደዋለች፤ የቅጥር ማኅደር እዚህ፣ የግዥ እዚያ፣ ክርክር ያለበት ከታች። ሰውየው ሥራው ላይ አልተቀመጠም። ሥራው አልተለየውም። አንድም ሽልማት ተሰጥቶት እንደሆነ ማኅደሩን ፈልጌ አላገኘሁም።

ከላኦ ትዙ በኋላ ያነበብኩት ሌላውን የታኦ ጠቢብ፣ ቹዋንግ ትዙን ነው። እሱ ይበልጥ ቀልደኛ ነው። የአንድ አናጢ ታሪክ አለው። አናጢው ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሲሄድ በአንድ መንደር የአምልኮ ቦታ ላይ የቆመ ግዙፍ ዛፍ ያያሉ። ሰው ተሰብስቦ ያደንቃል። አናጢው ዞር ብሎም አያየው። "የማይረባ እንጨት ነው። ጀልባ ብትሠራበት ይሰምጣል፣ ሬሳ ሣጥን ብትሠራበት ይበሰብሳል" ይላል። ማታ ዛፉ በሕልሙ መጣበት። "ከማን ጋር ነው የምታወዳድረኝ? ፍሬ ከሚሰጡት ጋር? እነሱ ፍሬያቸው ሲደርስ ይገፈፋሉ፣ ቅርንጫፋቸው ይሰበራል። እኔ የማልጠቅም ለመሆን ስንት ዘመን ደክሜያለሁ" አለው።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ባህር ዛፉን ያስታውሳል። በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ጊዜ መጥቶ ከተማዋን ያዳነ ዛፍ ነው። ጠቃሚ ስለሆነ ግን ዕድሜ የለውም። ቀጥ ብሎ አጣና የሚሆንበት ቀን ሲደርስ ይቆረጣል። ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ እንደገና ይቆረጣል። ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ብትሄዱ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ደን ብቻ ቆሟል። ጽድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ዋንዛ አለ። ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ? ለምንም እንዲጠቅሙ ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። ሥራቸው መቆም ነው። ሰው ግን ከሥራቸው ይጠለላል።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ባህር ዛፍ ነበርኩ። ቅሬታ የለኝም፣ ልጆች አሳድጌበታለሁ። አሁን ሌላው ዓይነት መሆን ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

ይቻላል ያስባለኝ ሰው አለ። እኛ ብሎክ ይኖራል።

8ኛው ምዕራፍ ከፍተኛው በጎነት እንደ ውሃ ነው ይላል። ውሃ ለሁሉ ይጠቅማል፣ ከማንም ጋር አይጣላም፣ ሰው የሚንቀው ዝቅተኛ ቦታ ይቀመጣል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ውሃ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚወድ መንገር አያስፈልግም። የእኛ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ሌሊት ነው። አንድ ምድር ቤት የሚኖር ጎረቤታችን ዲናሞ ገዝቶ መስመሩ ላይ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ላይኞቹ ቧንቧ ስንከፍት የሚወጣው አየር ሆነ።

የብሎኩ ሰው ተሰበሰበ። ጩኸቱ ልክ አልነበረውም። አንዱ ወረዳ እንክሰሰው አለ። አንዱ ዲናሞውን እንንቀለው አለ። ሰውየውም በበኩሉ "በገንዘቤ ገዝቼ!" ይላል። እኔ ደብተሬን ይዤ ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ተዘጋጅቻለሁ። ልማድ ነው። መሀል ላይ ከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ እኔን ጭምር በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ "ውሃው የሚመጣው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሐሙስ ተባሉ። "እንግዲያው ሐሙስ አብረን እናምሽ" አሉ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። እኔ የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱካቸውን ይዘው ወረዱ። ዲናሞው አጠገብ ተቀመጡ። እኔም ወረድኩ። ባለ ዲናሞው ጄሪካኖቹን ደርድሮ እየሞላ ነው። ሽማግሌው ምንም አላሉም። ስለ ጎማ ዋጋ አወሩ። አሰብ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው ስላደሩበት ሌሊት አወሩ። ቆይተው አራተኛ ፎቅ ያለው የልጅ ልጃቸው ጋ ደወሉና ስልኩን ላውድ ላይ አደረጉት። "መጣ?" "አልመጣም አባባ፤ እየተነፈሰ ነው።" ቧንቧው ሲተነፍስ በስልኩ ይሰማል። ክርር፣ ፉሽ፣ ክርር። ሽማግሌው ወደ ጎማው ወሬ ተመለሱ። ባለ ዲናሞው ግን ጆሮው ስልኩ ላይ ቀረ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ዲናሞውን አጠፋ። "መጣ! መጣ!" አለ ልጁ። ሰውየው መልሶ አበራው። "ሄደ" አለ ልጁ። አጠፋው።

"ለእኔ ጄሪካኖቼ እስኪሞሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል" አለ በመጨረሻ። "ከዚያ አጠፋዋለሁ።"

"ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አሉ ሽማግሌው።

ወደ ላይ ስንወጣ ስምምነቱን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ምን ያደርግልሃል? ከተጻፈማ ነገ የሚጣስ ሕግ ይሆናል" አሉኝ። ሰውዬው ላኦ ትዙን አያውቁም። 57ኛው ምዕራፍ ግን ሕጉ በበዛ ቁጥር ሌባው ይበዛል ይላል።

ቹዋንግ ትዙ አይ ታይ ቱኦ ስለሚባል አንድ መልከ ጥፉ ሰው ይናገራል። ሥልጣን የለው፣ ሀብት የለው። ሐሳብ አመንጭቶም አያውቅም፤ ሌላው ያለውን ይቀበላል እንጂ። ሰው ግን ከአጠገቡ መራቅ አይችልም። ሉ የምትባል አገር ንጉሥ ግራ ቢገባው ኮንፊሽየስን ይጠይቃል። መልሱ የሰውየው ቴ ሙሉ ነው፣ ወደ ውጭም አይታይም የሚል ነው። ይህን ምዕራፍ ሳነብ የማየው የሹፌሩን ጋቢ ነው። ታኦይስቶች፣ የላኦ ትዙ ተከታዮች ማለት ነው፣ ዉ ዌይ (ያለማድረግ) የሚሉት ነገር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላቸው አሉ። ሰውየው እኮ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስተዋል። በብርድ ተቀምጠዋል። ያላደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገሩን አልገፉትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

እዚህ ላይ ከታኦይስቶቹ ጋር ትንሽ እጣላለሁ። 67ኛው ምዕራፍ ሦስት ሀብቶች አሉኝ ይላል፦ ርኅራኄ፣ ቁጠባ፣ ከዓለም ፊት ልቅደም አለማለት። ቁጠባን ለኢትዮጵያ ጡረተኛ መስበክ ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው። ከደመወዛችን፣ በኋለኛው ጊዜ 7 በመቶ እኛ፣ 11 በመቶ መሥሪያ ቤታችን ሲከፍል ኖረን፣ ዛሬ በየወሩ የምትገባው ብር ጤፍና ዘይት ገዝታ ትሰናበታለች። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒት ቤት መግባት ራሱ ልብ ይጠይቃል። "በቃኝ የሚል ሀብታም ነው" የሚለውን 33ኛውን ምዕራፍ ሳነብ አንዳንዴ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። በቃኝ ለማለት መጀመሪያ መቅመስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ንዴት ያወጣኝ ባለቅኔው ታኦ ዩዋንሚንግ ነው። ታኦ የቤተሰቡ ስም ነው፤ ከመንገዱ ጋር አይገናኝም። በ405 እ.ኤ.አ. የፔንግዜ ወረዳ ሹም ነበር። ሰማንያ ምናምን ቀን ሠርቶ ለቀቀ። ከበላይ የተላከ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀበቶህን አጥብቀህ እጅ ንሳ ቢሉት "ለአምስት ቁና ሩዝ ብዬ ለአንድ የመንደር ጎረምሳ ወገቤን አላጥፍም" አለ ይባላል። ቻይናዎች እርሻውን፣ ምሥራቃዊ አጥሩ ሥር የለቀመውን አበባ፣ ወይኑን እያነሱ ሲያደንቁት ይኖራሉ። ግን ሌላም ግጥም አለው፤ ስለ ልመና። ረሃብ ከቤቴ አስወጣኝ፣ የት እንደምሄድ አላወቅኩም፣ እግሬ አንድ መንደር አደረሰኝ፣ በር አንኳኳሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር አፌ ተሳሰረ ይላል። የቤቱ ጌታ ሳይነግሩት ገባው። ሰጠው። አስቀምጦም ሲያጫውተው ዋለ።

ይህን ሰው አምነዋለሁ። ሥራ መልቀቅ ጣፋጭ ነው ብሎ ብቻ አልሸኘኝም። ርቦኛል አለ። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ሳይነግሩት የገባውን ባለቤት አልረሳውም። ቴ ያለው ከለማኙ ወይስ ከሰጪው? እኔ ከሁለቱም ይመስለኛል። መቀበልም ሙያ ነው። ልጄ ውጭ አገር ነው፣ አልፎ አልፎ ይልካል። በፊት "ለምን ተቸገርክ" እያልኩ አስቸግረው ነበር። አሁን "ደርሶኛል፣ ተባረክ" እላለሁ። አጭርም ነው፣ የካርዱንም ዋጋ ይቀንሳል።

እነዚህን መጻሕፍት ማንበቤን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። አልተቆጡም። "እኛስ ምናኔ የለንም እንዴ?" አሉኝ። እውነት ነው። አፄ ካሌብ ዙፋኑን ትቶ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ገዳም ገባ ብለን የምንተርክ ሕዝብ ነን። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለውንም ከሕፃንነታችን እየሰማን አድገናል። ታዲያ ቻይና ድረስ ምን አስኬደህ ቢባል ትክክል ነው። አንድ ልዩነት ግን አያለሁ። መናኙ ዓለምን የሚተወው ለሌላ ዓለም ብሎ ነው፤ በሰማይ የሚመዘግብለት አለ። የላኦ ትዙ ሰው ግን እዚሁ ነው። ውሃ ይቀዳል፣ ጎረቤቱን ይታገሳል፣ ለዚያም ምንም አይጠብቅም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በሰማይ ያለውን መዝገብ አምናለሁ። እዚህ ምድር ላይ ግን ጥቂት ጊዜ ያለ መዝገብ መኖር መሞከሩ ለእምነቴም የጎዳ አይመስለኝም።

ባለፈው እድራችን ጸሐፊ ሁን ብሎ ጠየቀኝ። መቼም ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሰው ሲያዩ ምራቃቸውን ነው የሚውጡት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ። መዝገብ! ማኅተም! ቀሪ ማስያዝ፣ ቅጣት መጻፍ! 38ኛው ምዕራፍ ስለ ሥርዓት አክባሪ ሰው የሚለው ትዝ አለኝ፤ ሰው አልታዘዝ ሲለው እጅጌውን ሰብስቦ እየጎተተ ያስገድዳል ይላል። ራሴን በዚያ እጅጌ ውስጥ አየሁት። እንቢ ማለትም ግን ደግ አልመሰለኝም። ድንኳንና ወንበር የሚያስተዳድር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ሥራውን ለአንድ ወጣት እንዲሰጡት፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እንዳለማምደው ጠየቅኩ። ልጁ የሒሳብ ባለሙያ ነው። መዝገቡን ወደ ስልኩ አስገብቶታል። ቀሪ የሆነ ሰው ላይ ስልኩ ራሱ ቅጣት ይቆጥራል። እኔ የማሳየው የማይጻፈውን ነው። የትኛዋ ሴትዮ አራስ ልጅ ስላላት እንደቀረች፣ የትኛው አባወራ መክፈል አቅቶት አፍሮ እንደማይመጣ። የእሱን ቅጣት እንዴት እንደምንረሳው እስካሁን ስልኩ አልገባውም።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ የቻይና ነገር በትዕግሥት ነው የምታዳምጠው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋሌን ከእኔ በላይ የምትሸከመው እሷ ነች። ትልቅ አገር መግዛት ትንንሽ ዓሣ እንደ መጥበስ ነው፣ ብዙ ካማሰልከው ይፈራርሳል የሚለውን 60ኛውን ምዕራፍ ሳነብላት በጣም ወደደችው። ወጥ ቤት ስገባ "ዓሣው!" ትለኛለች፤ እወጣለሁ።

በቀደም ግን ጥያቄ አመጣች።

"ይሄ ላኦ ትዙ የምትለው ሰው ሚስት ነበረችው?"

"ሲማ ቺየን ልጅ እንደ ነበረው ጽፏል። ጦር አዛዥ የሆነ።"

"እንዲያ ከሆነ እናትየዋ ነበረች ማለት ነው።"

"ትመስለኛለች።"

"እና ሰውዬው በጎሹ ተቀምጦ ሲሄድ እሷን ለማን አስረከባት?"

መልስ አጥቼ ዝም አልኩ። እሷም ድንች ላጭ ብላ ቢላዋውን ሰጠችኝ።